አዲስ መድኃኒት በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፦ ፋርማሲስቱ በቪዲዮ ጥሪ ምን ሊያይ ይችላል?

አንድ በስልሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ አባት ለንደን ውስጥ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ እንበል። ሐኪሙ አምሎዲፒን የተባለውን መድኃኒት ያዝዙላቸዋል። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ከኋላቸው ሰልፍ አለ፤ «ጥያቄ አለዎት?» ሲባሉ «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ብለው ይወጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይሰማቸውም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጫማቸው ይጠብባቸዋል፤ ማታ ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ የካልሲው ጠርዝ ምልክት ትቶበታል። እግር ሲያብጥ ኩላሊት ተጎዳ ማለት እንደሆነ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ ኖረዋል። ስለዚህ «ይህ መድኃኒት ኩላሊቴን ሳይጨርሰኝ» ብለው ይተዉታል። ለማንም አይናገሩም። ቀጣዩ ቀጠሯቸው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

እኚህ ሰው ስለ መድኃኒቱ የደረሱበት ድምዳሜ የተሳሳተ ቢሆንም ያዩት ነገር እውነተኛ ነው። አምሎዲፒን የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ነገር ግን ደም የሚያመጡትን ትንንሽ ሥሮች የሚያሰፋውን ያህል ደም የሚመልሱትን አያሰፋም። በዚህ ምክንያት በቀጭኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ ግፊቱ ከፍ ይልና ጥቂት ፈሳሽ ወደ አካባቢው ሥጋ ይሰርጋል። ሰው ቆሞ ስለሚውልም ፈሳሹ ወደ ታች፣ ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር እብጠቱ የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል። ኩላሊት ለመጎዳቱ ምልክት አይደለም፤ መጠኑን በመቀነስ፣ ሌላ ዓይነት የግፊት መድኃኒት በማከል ወይም በመለወጥ የሚፈታ ነገር ነው። ሆኖም የእግር እብጠት ሁሉ ከዚህ ይመጣል ማለት አይደለም። አንድ እግር ብቻ አብጦ የሚያም ከሆነ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ እብጠቱ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ደግሞ ልብ መመርመር አለበት። ይህን ለመለየት እግሩን የሚያይና ጥቂት ጥያቄ የሚጠይቅ ባለሙያ ያስፈልጋል።

የችግሩ ስፋት ከዚህ አንድ ምሳሌ እጅግ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት በበለጸጉት አገሮች ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል መድኃኒታቸውን በታዘዘው መሠረት የሚወስዱት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። ቀሪው ግማሽ በአብዛኛው ሰነፍ ወይም ቸልተኛ ተብሎ ይወቀሳል። ጥናቶች ያሳዩት ግን ሌላ ነገር ነው።

በለንደን የፋርማሲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ለዘላቂ ሕመም አዲስ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎችን በ10ኛው ቀንና በአራተኛው ሳምንት ጠየቁ። ገና በ10ኛው ቀን መድኃኒቱን ካላቆሙት መካከል ከሦስት አንድ የሚጠጉት በትክክል እየወሰዱት አልነበረም። ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ ትንሽ የሚያንሱት ሆን ብለው የተዉ ወይም የቀነሱ ናቸው፤ የቀሩት ረስተው ወይም አወሳሰዱን ሳይረዱት ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። ለሚረሳ ሰው የሳምንቱን ቀናት የያዘ የእንክብል ሣጥን ወይም የስልክ ማስታወሻ ይበቃዋል። ሆን ብሎ ለተወ ሰው ግን ማስታወሻ ደወሉ ከመንጫረር ሌላ ምንም አይፈይድለትም፤ እሱ አልረሳም፣ ወስኗል።

ውሳኔው እንዴት እንደሚደረግ እንግሊዛዊው የጤና ሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮብ ሆርን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባቀረበው ማብራሪያ ሰው በውስጡ ሚዛን ይይዛል። በአንዱ ጎን «ይህ መድኃኒት ለእኔ ምን ያህል ያስፈልገኛል?» የሚለው፣ በሌላው ጎን «ምን ያደርገኝ ይሆን?» የሚለው ስጋት ይቀመጣል። የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮልና የጀማሪ ስኳር ሕመም አስቸጋሪነት እዚህ ላይ ነው፤ ሕመሙ አይሰማም፣ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ግን ይሰማል። በብዙ መድኃኒቶች ላይ ደግሞ ጉዳቱ ጥቅሙን ይቀድማል። ሜትፎርሚን የሆድ መረበሽና ተቅማጥ የሚያመጣው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። የድባቴ መድኃኒቶች ማቅለሽለሹን በቀናት ውስጥ ያመጣሉ፣ እፎይታው ግን ሳምንታትን ይጠይቃል። እንግዲህ ሰውየው ብቻውን የሚቀርበት ጊዜ ሚዛኑ ወደ መጥፎው ጎን በጣም ያጋደለበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

ከእንግሊዝ የተገኘው ልምድ

እነዚሁ ተመራማሪዎች ቀጥለው ቀላል ነገር ሞከሩ። አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ ሁለት ሳምንት ለሆናቸው ሰዎች ፋርማሲስት ስልክ ደውሎ እንዲያነጋግራቸው አደረጉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ፤ በአራተኛው ሳምንት መድኃኒቱን በአግባቡ የማይወስዱት ካልተደወለላቸው ሰዎች 16 በመቶ ሲሆኑ ከተደወለላቸው 9 በመቶ ሆነው ተገኙ። አንድ የስልክ ጥሪ ነው!

በዚህ ላይ ተመሥርቶ የእንግሊዝ የብሔራዊ ጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2011 ጀምሮ «የአዲስ መድኃኒት አገልግሎት» የተባለውን ሥርዓት በሰፈር መድኃኒት ቤቶች ዘረጋ። ታማሚው አይከፍልም። ሥርዓቱ ሦስት ደረጃ አለው። መድኃኒቱ ሲሰጥ ታማሚው በአገልግሎቱ እንዲካተት ይጠየቃል፤ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ፋርማሲስቱ ያነጋግረዋል፤ ከዚያ ከ14 እስከ 21 ቀን በኋላ እንደገና ያነጋግረዋል። መጀመሪያ ላይ የደም ግፊትን፣ ሁለተኛውን ዓይነት የስኳር ሕመም፣ አስምና ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምን፣ እንዲሁም ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችን ይሸፍን ነበር። በ2021 የኮሌስትሮል፣ የልብ ድካም፣ የሚጥል በሽታ፣ የግላኮማ፣ የሪህ፣ የአጥንት መሳሳትና ሌሎችም ሕመሞች መድኃኒቶች ተጨምረውበታል። ውይይቱ በመድኃኒት ቤቱ የምክር ክፍል፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ ሊደረግ ይችላል።

በ46 መድኃኒት ቤቶችና በ504 ታማሚዎች ላይ በዕጣ ተለይቶ የተደረገው ፍተሻ በ2016 ታትሟል። በ10ኛው ሳምንት መድኃኒታቸውን በአግባቡ ሲወስዱ የተገኙት በተለመደው አሠራር ከቀጠሉት 61 በመቶ ያህል፣ አገልግሎቱን ካገኙት ደግሞ 71 በመቶ ያህል ናቸው። አሥር በመቶ ተአምር አይደለም። ከእያንዳንዱ አሥር ሰው ሦስቱ አሁንም አልተደረሱም። ነገር ግን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ታማሚዎች ላይ ሲሰላና ወጪው ሁለት አጫጭር ውይይቶች ብቻ መሆኑ ሲታሰብ ጥቂት የሕክምና እርምጃዎች ናቸው እንዲህ ያለ ውጤት ያላቸው። ኖርዌይም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተመሳሳይ አገልግሎት ዘርግታለች።

ስልክ እያለ ቪዲዮ ለምን?

እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት በዋናነት በስልክና በአካል በተደረጉ ውይይቶች ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ከስልክ ይበልጣል ብሎ በጅምላ መናገር አይቻልም፤ ለብዙ ጥያቄ ስልክ በቂ ነው። የቪዲዮ ጥቅም ዓይን በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ነው። ከላይ የተጠቀሱት አባት በስልክ «እግሬ አብጧል» ሲሉ ፋርማሲስቱ ብዙ ለመገመት ይገደዳል። በቪዲዮ ግን ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን ያያል፣ በጣት ተጭነው ጎድጎድ ብሎ ይቀር እንደሆነ እንዲያሳዩት ይጠይቃል፣ መቅላት እንዳለ ይመለከታል።

አስም ያለባቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት በአፍ የሚሳበው መድኃኒት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ መታየት የሚፈልግ ነው። ሰውየው «በየቀኑ እወስዳለሁ» ሲል እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ቆርቆሮውን ሳይነቀንቅ፣ አየሩን ከሳንባው ሳያስወጣ፣ ወይም መድኃኒቱ ከተረጨ በኋላ ዘግይቶ በመሳብ አብዛኛውን በምላሱና በጉሮሮው ላይ ያስቀረዋል። በተጨማሪም መሣሪያዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የሚረጨው በዝግታና በረጅሙ፣ የዱቄቱ ደግሞ በኃይልና በፍጥነት መሳብ አለበት። አንዱን ትቶ ሌላውን የጀመረ ሰው የድሮውን አሳሳብ ይዞ ይቀጥላል። ይህ በቃል ምርመራ አይገኝም። በካሜራ ፊት አንዴ ሲስብ ግን ወዲያው ይታያል። የስቴሮይድ መድኃኒት ከሆነ አፍን በውኃ ተጉመጥሙጦ መትፋት እንዳለበትም በዚያው ይነገረዋል፤ አለበለዚያ በአፍ ውስጥ ነጭ የፈንገስ ቁስል ሊወጣ ይችላል። ኢንሱሊንና ሌሎች በብዕር መሰል መርፌ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው።

ሌላው የቪዲዮ ጥቅም ሰውየው በራሱ ቤት መሆኑ ነው። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው የመድኃኒት መሳቢያ ብዙ ጊዜ የብዙ አገር ሆኖ ይገኛል። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከዱባይ የተገዛ፣ እዚያው የታዘዘ። ፋርማሲስቱ «ያሉዎትን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ያውጡልኝ» ሲል በምክር ክፍል ውስጥ ፈጽሞ የማያገኘውን ያገኛል። «ኖርቫስክ» የሚለው ሣጥንና «አምሎዲፒን» የሚለው ጠርሙስ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ሁለቱንም የሚውጥ ሰው መጠኑን እጥፍ እየወሰደ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች «ፓናዶል» የሚባለውና በአሜሪካ «ታይለኖል» የሚባለው የሕመም ማስታገሻም እንዲሁ ስማቸው እንጂ ይዘታቸው አይለያይም፤ ከልክ በላይ ሲወሰድ ጉበትን ይጎዳል።

ቪዲዮ ለመድኃኒት ክትትል አዲስ እንግዳ አለመሆኑም መታወስ አለበት። ለሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች መድኃኒቱን ሲውጡ በባለሙያ ዓይን መታየታቸው የቆየ አሠራር ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ይህ በቪዲዮ ሲደረግ በአካል ከሚደረገው ጋር እኩል እንደሚቆጠር አስታውቋል።

«እሺ» የሚለው ቃልና የሰዓቱ ጉዳይ

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ይህ ውይይት የራሱ እንቅፋቶች አሉት። የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው። በባለሙያ ፊት «አልገባኝም» ማለት እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር ሁሉም ነገር በ«እሺ» ያልቃል። በውጭ አገር ያለ ፋርማሲስት ይህን «እሺ» እንደ ስምምነት ይወስደዋል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን «እሺ» አንዳንዴ ንግግሩ ይብቃ ማለት መሆኑን ያውቃል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ «ገባዎት?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ነገ ጠዋት ሲነሡ እንዴት እንደሚወስዱት እስኪ ይንገሩኝ» ማለት ነው። ፈተናው የገለጻው እንጂ የአድማጩ አለመሆኑን አስቀድሞ መናገርም ይረዳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው አነጋገር እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ መድኃኒቱን ያቆመም ሳይደብቅ እንዲናገር የሚጠይቀው ሰው ፊቱን ማጥቆር የለበትም። «ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ አመለጠዎት? ለብዙ ሰው ያመልጠዋል» የሚለው አጠያየቅ እውነተኛ መልስ ያመጣል።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። በጠርሙሱ ላይ «በ8 ሰዓት» የሚል ጽሑፍ በአገር ቤት አቆጣጠር የሚያነብ እናት ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት፣ ማለትም በፈረንጆቹ ሁለት ሰዓት ላይ ትወስደዋለች። «ጠዋት በ8፣ ማታ በ8» ሲሆን ሁለቱም በእኩል ስለሚዛቡ የ12 ሰዓቱ ልዩነት አይፋለስም፤ ከምግብ ጋር መወሰድ ያለበት ሜትፎርሚን ከሆነ ግን ሌሊት በስምንት ሰዓት ባዶ ሆድ ላይ ሊዋጥ ነው ማለት ነው። ለስፓኒሽ ተናጋሪዎችም ተመሳሳይ አደጋ በአሜሪካ ፋርማሲስቶች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በእንግሊዝኛ «አንድ ጊዜ» የሚለው ቃል አጻጻፉ በስፓኒሽ «አሥራ አንድ» ማለት ነውና። ስለዚህ ቁጥሩን ትቶ «ከቁርስ ጋር»፣ «ሊተኙ ሲሉ» ማለት ይሻላል።

ሦስተኛው አስተርጓሚው ነው። በብዙ ቤት የሚያስተረጉመው የ12 ዓመት ልጅ ነው። ልጅ ፊት እናት ስለ ሽንት መቆጣጠር፣ አባት ስለ ወንድነት ድክመት አይናገሩም፤ የግፊት መድኃኒት ከሚተውባቸው ምክንያቶች አንዱ ግን ይኸው ነው። የቪዲዮ ጥሪ ባለሙያ አስተርጓሚን ከየትም ቦታ እንደ ሦስተኛ ሰው ማስገባት ይችላል። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ የጤና ተቋማት፣ የሜዲኬይድና የሜዲኬር ክፍያ የሚቀበሉ መድኃኒት ቤቶችን ጨምሮ፣ የቋንቋ እርዳታ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድላቸውም። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ልመና ሳይሆን መብት መጠየቅ ነው።

ጾም፣ ቡናና ጎመን

ፋርማሲስቱ ካልተነገረው የማያውቃቸው ነገሮች አሉ። የታይሮይድ ሆርሞን መድኃኒት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ተወስዶ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መቆየትን ይጠይቃል፤ ቡና ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሳል። ጠዋት መድኃኒቱን በቡና የምታወራርድ ሴት የምርመራ ውጤቷ አልስተካከል ሲል መጠኑ እየተጨመረ ይሄዳል፤ ጥፋቱ ግን የሲኒው ነው። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አለንድሮኔትም በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ተውጦ ለግማሽ ሰዓት ሳይተኙ መቆየትን ይፈልጋል።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጉዳይ ከሁሉ ይበልጣል። ይህ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማገድ ነው፤ ጎመን ደግሞ በዚህ ቫይታሚን የበለጸገ ነው። ጎመን ክልክል አይደለም። አደጋው ድንገተኛ ለውጥ ነው። በሁዳዴ በየቀኑ ጎመን ሲበላ የመድኃኒቱ ኃይል ሊቀንስና ደም ሊረጋ ይችላል፤ ለጾሙ ተብሎ መጠኑ ከፍ ከተደረገ በኋላ ፋሲካ ሲመጣና ጎመኑ ሲቀር ደሙ ከልክ በላይ ቀጥኖ የመድማት አደጋ ይመጣል። አዲሶቹ አፒክሳባንና ሪቫሮክሳባን በጎመን አይነኩም፤ ሆኖም ሪቫሮክሳባን በ15 እና በ20 ሚሊግራም መጠኑ ከምግብ ጋር መወሰድ ስላለበት እስከ ከሰዓት በኋላ ለሚጾም ሰው ሰዓቱ መስተካከል አለበት። የስኳር መድኃኒቶች ከሆኑ ነገሩ ይጠነክራል፤ ግሊበንክላማይድና ግሊክላዛይድ ምግብ በሌለበት የደም ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርዱ ይችላሉ። ይህ ለረመዳን ጿሚም ያው ነው። ከጾሙ አስቀድሞ የሚደረግ የ15 ደቂቃ ጥሪ እዚህ ላይ ሕይወት ያድናል።

የጎንዮሽ ስሜት ሁሉ ከመድኃኒቱ ነው ወይ?

ይህን በተመለከተ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2020 ያሳተሙት ሥራ ትኩረት ይስባል። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት የኮሌስትሮል መድኃኒት የሆነውን ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች ለአንድ ዓመት በየወሩ በዕጣ አንዴ ስታቲን፣ አንዴ ምንም ኃይል የሌለው አስመሳይ እንክብል፣ አንዴ ደግሞ ባዶውን እንዲከርሙ ተደረገ። በስታቲኑ ወራት ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው ያህል በአስመሳዩ እንክብልም ተሰምቷቸዋል። ይህ ማለት ሕመሙ የሐሰት ነበር ማለት አይደለም፤ ጡንቻቸውን በእርግጥ አሟቸዋል። ምንጩ ግን በአብዛኛው የኬሚካሉ ሳይሆን እንክብል የመዋጡና ጉዳት የመጠበቁ ነገር ነው። ውጤቱ ከተነገራቸው በኋላ ግማሽ ያህሉ ወደ ስታቲኑ ተመልሰዋል። ይህን መረጃ እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ መልካም ዜና አድርጎ መናገር ግን ጥበብ ይጠይቃል፤ ፊት ለፊት እየተያዩ መነጋገር የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ቪዲዮ የማይደርስበት

አንዳንድ ነገር ቀጠሮ አይጠብቅም። ስማቸው በ«ፕሪል» የሚያልቅ የግፊት መድኃኒቶች፣ ኤናላፕሪልና ሊሲኖፕሪልን የመሳሰሉት፣ በብዙዎች ላይ ደረቅ ሳል ያመጣሉ፤ ይህ ለፋርማሲስቱ ተነግሮ በሌላ የሚተካ ነው። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ወዲያው የድንገተኛ አደጋ ስልክ መደወል ያስፈልጋል፤ ይህ እብጠት የመተንፈሻ ቧንቧን ሊዘጋ ይችላል፣ በጥቁር ሕዝቦች ላይም በብዛት ይታያል። በተቃራኒው የሚጥል በሽታ መድኃኒትን፣ የድባቴ መድኃኒትንና ስማቸው በ«ሎል» የሚያልቁትን የልብ መድኃኒቶች ከባለሙያ ጋር ሳይነጋገሩ በአንድ ጊዜ ማቆም ራሱ አደጋ ነው።

የቦታም ወሰን አለ። አንድ ፋርማሲስት የሚሠራው በተፈቀደለት አገር፣ በአሜሪካ ደግሞ በተፈቀደለት ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ፋርማሲስት በቪዲዮ ጠርሙሱን አንብቦ ማስረዳት ቢችልም የታማሚውን የላቦራቶሪ ውጤትና የቀሩትን መድኃኒቶች አያይም፣ መጠን ለመለወጥም ሐኪሙ ዘንድ መድረስ አይችልም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ለምትሠራ ሴት ደግሞ ችግሩ ከዚህ ይቀድማል፤ ብቻዋን የምትሆንበት ክፍልና የራሷ የስልክ ሰዓት ላይኖራት ይችላል፤ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የአንዳንድ መተግበሪያዎች የኢንተርኔት ጥሪ የተገደበ ነው። ለእርሷ የሚጠቅማት የመድኃኒቱን ጠርሙስና በውስጡ ያለውን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንስታ መያዝ፣ መድኃኒት ቤት በምትሄድበት ቀን ጥያቄዎቿን አስቀድማ ጽፎ መገኘት፣ ኢንሱሊን ከሆነም በመኪና ውስጥም ሆነ በመስኮት አጠገብ አለማስቀመጥ ነው፤ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው የማቀዝቀዣ ክፍል ይቀመጣል፣ ከበረዶው ክፍል ግን አይገባም።

ጥሪውን የሚያገኙ ሰዎች ከመጀመሩ በፊት በደንብ ብርሃን በሚያገኝ ጠረጴዛ ላይ መድኃኒቶቹን ሁሉ፣ የአገር ቤቶቹንና የባህል መድኃኒቶቹንም ጨምሮ፣ ይደርድሩ። የግፊት ወይም የስኳር መለኪያ ካላቸው የሳምንቱን ቁጥሮች በወረቀት ይጻፉ። የጾም ወራትን፣ የሌሊት ሥራን፣ ወደ አገር ቤት የሚደረግ ጉዞን ይናገሩ። እንግሊዝ ውስጥ ያሉት አባት ይህን አገልግሎት ለማግኘት የሚያስፈልጋቸው መድኃኒቱን በሚቀበሉበት መስኮት ላይ «ይህ ለእኔ አዲስ መድኃኒት ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልትደውሉልኝ ትችላላችሁ?» የሚል አንድ ጥያቄ ነው።